ሰማያዊ ያልሆነው ሳሎን

የባለቤቴ ታላቅ እህት ሰማያዊ ቀለም ትወዳለች። ከተጋባን በኋላ አሶሳ ውስጥ በእሷ ግቢ ለብዙ ዓመት ስንኖር ክፍላችን ሰማያዊ ነበረች፤ ለበዓል ስትታደስም ያው ሰማያዊ። መጋረጃውን የመረጠችው እሷ፣ አልጋው የሚዘረጋበትን የወሰነችው እሷ። የመጀመሪያ ልጄን ስም ያወጣችውም እሷ ናት፤ እሱን ዛሬ አላነሳውም። ባለቤቴ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ነበር። ዝምታውን አልረሳሁትም።

የራሳችንን ቤት ሠርተን ስንጨርስ ሳሎኑን የወይራ ቅጠል ቀለም እንደማስቀባ ተናገርኩ። የሣሩን ደማቅ አረንጓዴ አይደለም፤ የጥር አቧራ የጠጣ የቀርከሃ ቅጠል የሚመስለውን፣ ደብዘዝ ያለውን።

"ወታደር ካምፕ ይመስላል" አለ ባለቤቴ።

"እስከ ዛሬስ የት የኖርኩ መስሎህ ነው?"

ቀለም የሚሸጥልን ከሆሞሻ ወረዳ የመጣ ሰው ራሱን ነቀነቀ። "ማዘር፣ እንደሱ ያለ የለም። ነጭ አለ፣ ክሬም አለ፣ ሰማያዊ ሞልቷል።" ነጩን ገዛን፤ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ጥቁር ማቅለሚያም ጨመርንበት። ማዋሃዱ የእኛ ሥራ ሆነ።

ቀለሙ ሲደርቅ ይጠቁራል። ስለዚህ ባለቤቴ በባልዲ እያማሰለ ከበሩ ጀርባ ትንሽ ይቀባና በጋዜጣ እያራገበ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይጠራኛል።

"ነይ እስቲ እይው።"

"ይሄ ጎመን ነው።"

ጥቁር ጠብ ያደርግበታል። "ይሄስ?"

"የታመመ ጎመን።"

አልተቆጣም። የበሩ ጀርባ ዥንጉርጉር እስኪሆን ድረስ ሞከረ፤ በመጨረሻ ያሰብኩትን አገኘው። ግድግዳውንም ራሱ ቀባው። ቅንድቡ አረንጓዴ ሆኖ ሲመጣ "ዓይንህን ጨፍን" ብዬ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁለት። እንደ ልጅ ፊቱን ሰጠኝ። ቂም የያዘ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ባያይ ይሻለዋል።

እህቱ ቤቱን ልታይ መጣች። ተቀምጣ አራቱንም ግድግዳ በዓይኗ ዞረች።

"ሙሽራዬ፣" አለችኝ፤ ልጅ ከዳርኩም በኋላ ሙሽራዋ ነኝ። "ሰማያዊ ከገበያ ጠፋ?"

አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመኝ። "እኔ ነኝ የመረጥኩት። እሷማ ሰማያዊ ይሁን ብላ ነበር።"

"እንዲያ ከሆነማ ያምራል" አለች።

በር ድረስ ሸኘኋትና ተመለስኩ። "ለምን እንዲያ አልክ?"

"እንዳትናገርሽ ብዬ ነው።"

"ዕድሜ ልኬን ስትናገረኝ ዝም አልክ። ዛሬ አፍህ ሲከፈት ደግሞ የእኔን ይዘህ ወጣህ። በዚህ ቤት የእኔ ነው ያልኩት አንድ ነገር ይሄ ነበር።"

ቆሞ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ እህቱ ጋ ደወለና እንድሰማው ድምፁን ከፍ አደረገው።

"እትዬ፣ ቀለሙን የመረጠችው እሷ ናት። ዋሽቼሽ ነው።"

 በስልኩ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፤ ገና ቤቷ አልደረሰችም።

"ያምራል ብያለሁ እንግዲህ" አለች በመጨረሻ። "ስልኩን ለእሷ ስጣት።"

ተቀበልኩት።

"ሙሽራዬ፣ ይሄ ነገር ለእኔ መኝታ ቤት ይሆን ይሆን?"

ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። 

"መጥቼ ሳየው እወስናለሁ፣ እትዬ" አልኳት።