«የዳነ ሰው ይጾማል»

የቄስ ወልደ ኢየሱስ ልጅ ጥሩሐረግ የተወለደችው ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። ከተማ ገብታ ተማረች፣ ነርስ ሆነች፣ ጥቂት ዓመት እዚያው ሰቆጣ ሠርታ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረች። ዛሬ የምትሠራው ልባቸው በቀዶ ሕክምና የተጠገነ ልጆች እስኪጠነክሩ በሚተኙበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። በመንደሯ ግን ሥራዋን በትክክል የሚያውቅ ጥቂት ነው። «ልብ አውጥታ አጥባ ትመልሳለች» የሚል እንኳ ሰምቻለሁ። ልብ የሚነኩት ሐኪሞቹ ናቸው፤ የእርሷ ሥራ የሚጀምረው እነርሱ ሰፍተው ሲጨርሱ ነው። ያንን ሥራ ባለፈው ክረምት ቁጭ ብዬ አይቻለሁና የማላውቀውን ሳልጨምር እጽፋለሁ።

ወደዚያ የሄድኩት የልጅ ልጄን እየሩስን ይዤ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ይመኙሻል አራስ ስለነበረች መምጣት አልተቻላትም። እየሩስ ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ጤና አልነበረውም። ትንሽ ከሮጠች ከንፈሯ ይጠቁራል፤ ቁጢጥ ብላ ትንፋሿን ትሰበስባለች። በዚህ የተነሣ ፍልሰታን ጾማ አታውቅም። በእኛ አገር ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው። ነፍስ ያወቀ ልጅ ሁሉ ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ ሳይቀምስ ይውላል፣ ይቆርባል። እርሷን ግን እናቷ ጠዋት ጠዋት በግድ ታበላታለች፤ እኩዮቿም «በላተኛዋ መጣች!» ይሏታል።

ቀዶ ሕክምናው ሐምሌ መጨረሻ ገደማ ተደረገ። ገብቼ እንዳያት ሲፈቅዱልኝ ልጅቷን ከቱቦው መለየት አቃተኝ፤ በአፏ፣ በአንገቷ፣ በእጇ የገባ፣ ከደረቷም የሚወጣ ነበር። ጥሩሐረግ ከራስጌዋ ቆማለች። ማሽኑ ሲጮህ ሰው ሁሉ ወደ ማሽኑ ያያል፤ እርሷ ግን አስቀድማ የልጅቷን እግር ትዳስሳለች። «እግሯ ከሞቀ ደሙ እየደረሰ ነው፣ አባቴ» አለችኝ። ከደረቷ የሚወርደውን ፈሳሽ ትለካለች፣ ሽንቷን ትለካለች፣ ጎኗ እንዳይቆስል ታገላብጣታለች። የአፏ ቱቦ ከወጣ በኋላ ደግሞ አክታ ሳንባዋ ውስጥ እንዳይቋጥር ትራስ አሳቅፋ ታስላታለች። እየሩስ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና «ያማል?» ስትላት፣ በዚያው ቋንቋ «ያማል፤ ቶሎ ግን ያልፋል» ትላታለች። «አያምም» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ልጅ አንዴ ከተዋሸ ሁለተኛ እጁን አይሰጥም ትላለች።

ዶክተር መልአኩ የሚባለው ሐኪም በሐምሌ የመጨረሻ ቀን ደረቷን አዳምጦ «እየሩስ፣ ጎበዝ! ድነሻል» አላት። የእጇ ቱቦ ተነቅሎ መድኃኒቱም ከዚያ ወዲያ በአፍ እንዲሰጣት አዘዘ።

በማግሥቱ ፍልሰታ ገባ። ጠዋት ጥሩሐረግ መድኃኒቱን በትንሽ ኩባያ ይዛ መጣች። እየሩስ ከንፈሯን ገጠመች። ውሃ ስትሰጣት ፊቷን አዞረች።

«ምን ሆነሻል የኔ እናት?»

«ፍልሰታ ነው።»

«የታመመ ሰው አይጾምም እኮ።»

«ድነሻል ብላችሁኝ የለ? የዳነ ሰው ይጾማል።»

ጥሩሐረግ ወደ እኔ ዞረች። አልዳንሽም ብንላት ደግሞ ልጅቷ ምን ልታስብ ነው?

አብራት የምትሠራው ነርስ ማርታ ሳቀች። «ባሕታዊት ነው እንዴ ያመጡብን፣ አባባ?» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለጥሩሐረግ «ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ቅዳሴ ወጥቷል በያትና ትዋጠው። እዚህ ክፍል እንደሆነ ፀሐይ አይታይ» አለቻት።

«አይሆንም» አለች ጥሩሐረግ። «ነገ ትራስሽን አቅፈሽ አስዪ ስላት ታምነኛለች?»

መድኃኒቱ ሳንባዋ ውሃ እንዳይቋጥር የሚያሸናት ነበርና መዝለል አይቻልም። ዶክተር መልአኩ መጥቶ ሰማና «እስከ ቀትር ካልዋጠች በአፍንጫዋ ቱቦ ማስገባታችን ነው» አለ።

«ትታገላለች፣ ታለቅሳለች ዶክተር። ልቧ ገና አልጠናም።»

«አውቃለሁ፣ ጥሩ። እኔስ ወድጄ ነው? እስከዚያ ሞክሪ።»

ጥሩሐረግ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች።

«እናትሽ ታማለች?»

«አልታመመችም።»

«ታዲያ ፍልሰታን ትጾማለች?»

«አራስ ናት እኮ!»

«አንቺም የልብ አራስ ነሽ።»

እየሩስ ትንሽ አሰበች። «እኔ ምን ወለድኩ?» አለች።

ማርታ አፏን ይዛ ወጣች። እኔም ሳቄ መጣ፤ የእየሩስ ከንፈር ግን መልሶ ተገጠመ።

በዚህ ጊዜ ጥሩሐረግ የንስሐ አባታችንን ስም ጠየቀችኝ። አባ ገብረ አምላክ ናቸው አልኳት። ደወልን፤ አይነሣም። ደግመን ብንደውል ኔትወርክ የለም። ቀትር ሲቃረብ ማርታ ቀጭኑን ቱቦ በሳህን ይዛ መጣች፤ አሁን አትስቅም ነበር። እየሩስ አይታው መተንፈሷ ፈጠነ። ስልኩ የተነሣው ያኔ ነው። ጥሩሐረግ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው።

«የይመኙሻል ልጅ? አለች እንዴ?» አሉ አባ።

«አለች፣ አባ። ጾም ይዛ መድኃኒት አልውጥም ብላ ነው።»

«አያቷን ወጥታ! እርሱስ መቼ ሰው ይሰማል?»

አጠገቧ መሆኔን አላወቁም።

«አባ፣ ይፍቀዱላትና ትብላ።»

«አይፍቀዱልኝ!» ብላ ጮኸች እየሩስ። «ዘንድሮ እንኳ ልጹም፣ አባ!»

«ሐኪሙ ምን ከልክሏታል?» አሉ አባ።

«ጨው። ውሃም በልክ ነው።»

«እንግዲያው ስሚኝ፣ ልጄ። ጾም የምሰጥሽ እኔ ነኝ፤ ራስሽ አትመርጪም። የአንቺ ፍልሰታ ከጨው ነው። ነርሷ ለክታ ከሰጠችሽ በላይ ውሃ አትጠጪም። መድኃኒትሽን በሰዓቱ ትውጫለሽ፣ ያቀረቡልሽን ትበያለሽ። ጨው የቀመስሽ ዕለት ጾምሽን ሻርሽ።»

«ሌሎቹ ልጆች ጨው ይበላሉ?»

«እንዴታ! ቅዳሴ ሲወጣ ይበላሉ።»

እየሩስ እጇን ለኩባያው ዘረጋች። መድኃኒቱ ይመር ነበር፤ ዋጠችው። ማርታ ቱቦውን መልሳ ወሰደችና ቆይታ የአትክልት ሾርባ ይዛ መጣች።

«ጨው አለው?» አለቻት እየሩስ።

«የለውም።»

«ቅመሺው እስቲ።»

ማርታ ቀመሰችና ፊቷ ተጨማደደ። «ኧረ ይኼስ ከእኔ ጾም ይብሳል!»

እየሩስ ሳትቸኩል በላች። ላመሰግናት ጥሩሐረግን ባያት ከአጠገባችን የለችም፤ ሌላ ልጅ ከቀዶ ሕክምና ሊወጣ ነው ተብላ አልጋ እያነጠፈች ነበር።