እናቴ ልብስ ያጠበችበት ድንጋይ

ቢቸና ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። ያረጀ ፎቶ አጸዳለሁ፣ አሳድጌ አትማለሁ፤ በሥራዬ አልታማም። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ በቴሌግራም የላከልኝ ፎቶ ግን ሙያዬን አስረሳኝ። ካሜራ እንደ አልጋ በጭነት በቅሎ በሚዞርበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ አንድ ፈረንጅ ከሞጣ ወዲያ ከዓባይ አፋፍ ላይ ያነሳው ነው። ከኋላ ገደል፤ ከፊት የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ። ግድግዳው ላይ መስቀል የተቀረጸበት ጥርብ ድንጋይ አለ፤ አንድ ጥጉ ተገምሷል፣ ከመስቀሉ ሥር ደግሞ ከወዲያ ወዲህ የሚያልፍ ቀዳዳ አለው።

ጉራ እወዳለሁና አትሜ ለእናቴ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ በጣቷ ቀዳዳውን ነካች።

"ይኼ የኔ ድንጋይ ነው" አለች።

ጓሮ ልብስ የምታጥብበትን ማለቷ ነው። ግንበኛው አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሞጣ ሠርቶ ሲመለስ በጭነት መኪና ያመጣላት ስጦታ ነው። ሳቅኩባት። ያንች ድንጋይ ልሙጥ፣ መስቀሉ የታለ አልኳት። ገልብጠው አለችኝ።

ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ገለበጥነው። ክው አልኩ። መስቀሉ አፈር ለብሶ ቁጭ ብሏል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። እኛ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ የወደቀ ጭራሮ እንኳ ለቅመን ቤት አናስገባም። አባቴ ግን ድንጋዩን አምጥቶ ፊቱን ወደ መሬት ደፋው። አውቆ ነዋ! መናደድም ማልቀስም አቃተኝ።

እናቴ ቆራቢ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርባኑን ተወች፤ ምግብም እምቢ አላት። የነፍስ አባቷ ድንጋዩ መጀመሪያ ከቦታው ይመለስ አሉ። መኪና ተከራይቼ፣ ከሞጣ መንገድ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አሳፍሬ ሄድኩ።

አፋፉ ላይ ፎቶውን ከፍ አድርጌ፣ ከማዶ ያለውን ሾጣጣ አምባ ከሥዕሉ ጋር አስተያየሁት። አምባው ቁልጭ ብሎ አለ። ግድግዳው የለም። ግድግዳው የቆመበት መሬትም የለም። ሽማግሌው አምና ክረምት አፋፉ ተንዶ ሁሉንም ይዞት እንደወረደ ነገሩኝ፤ ገደሉን ልታይ የመጣህ መስሎኝ ነው ቀድሜ ያልነገርኩህ አሉኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

"ከቦታው ገባ?"

ድንጋዩ ገና ከመኪናው አልወረደም።

"ገባ፣ እማ" አልኳት።

በረጅሙ ተነፈሰች። "ተመስገን። እንግዲያ እሁድ እቆርባለሁ" አለችኝ።