ከመኪናው ስር ሰው አለ

ሰፈሩ ያወጣለት ስም ጋሽ ቆይ ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ ጡረታ ወጣ፤ አሁን አሮጌ መኪናውን እዚያው ግቢው ውስጥ ራሱ ይጠጋግናል። ሰው መኪናውን በክሪክ ብድግ አድርጎ ከስር ሊገባ ሲል ካየ «ቆይ!» ብሎ ይጮሃል፣ ያውም በሰው ግቢ! ይሳቁበት እንጂ ምን ገዶት። ድሮ አንድ ባልደረባውን ክሪክ ከድቶት መኪና ሲጫነው በገዛ እጁ ከስር ጎትቶ አውጥቷል። ያን ያየ ሰው ክሪክ አያምንም።

እሱ ራሱ ከመግባቱ በፊት ያለው ጣጣ አይጣል ነው። መኪናውን ሲሚንቶው ላይ ያቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይይዛል፣ ማርሽ ያስገባል፣ ለኋላ ጎማዎች ግራና ቀኝ ታኮ ያደርጋል። በክሪክ ካነሳው በኋላ ሁለት ወፋፍራም የብረት ድጋፎች ከስር ያቆማል። በትከሻው ገፋ ገፋ አድርጎ ይፈትነዋል። ክሪኩንም ለክፉ ቀን ብሎ እዚያው ይተወዋል። በመጨረሻ ሚስቱን ይጠራል።

ሚስቱ በርጩማዋን ይዛ አጠገቡ ትቀመጣለች። ሥራዋ ማውራት ነው። «ዝም ካልክ ጎረቤት ጠራሁ!» ትለዋለች፤ እሱም ከስር ሆኖ ይመልሳል። የትዳራቸው ቁም ነገር ሁሉ የተወራው እንዲህ ነው፤ የልጃቸው ስም እንኳ የወጣው እሱ በጀርባው ተንጋሎ ሳለ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ሚስቱ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የቤቱን ቁልፍ ከልብስ ጋር ዘፈዘፈች፤ ተሳሳቁ። ቀጥሎ ልጇን በሞተች እህቷ ስም ጠራች፤ ማንም አልሳቀም። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው በስልክ ትወተውተዋለች።

«አባዬ፣ እማዬ እኔ ጋ ትምጣ። ብቻህን አትችላትም።»

«አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ ዛሬ ላስረክብሽ? እኔ በቁሜ እያለሁ የትም አትሄድም!»

እውነቱን ለመናገር ግን ሰውዬው አንድ ምስጢር ነበረው። በርጩማዋ ላይ ስትቀመጥ ሚስቱ ትመለስለታለች። የድሮውን ጨዋታ ታመጣዋለች፣ ትሰድበዋለች፣ ትስቅበታለች። ስለዚህ ያልተበላሸውንም መፍታት ጀመረ። ያን ቅዳሜ ጠዋት የጭስ ማውጫው ማርሚታ ትንሽ ቢንጫጫ ነው፤ አንድ ወር ቢቆይ ምንም አይሆንም ነበር። እሱ ግን እንደ ልማዱ አንዱንም ሳያስቀር አዘጋጅቶ ገባ። እሷም ስለ መጀመሪያ ቤታቸው ማውራት ጀመረች፤ ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው እያፈሰሰ ከአልጋቸው ጋር እየዞሩ ያደሩበትን ሌሊት። የምን ብሎን መፍታት! ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል።

በመሀል ዝም አለች።

«አንቺ?»

መልስ የለም። ዞር ብሎ ቢያይ እግሮቿ ክሪኩ ጋ ናቸው። ክሪኩ ተላልቶ ሲተነፍስ ሰማ። መኪናው ንቅንቅ አለና ብረቶቹ ላይ ተጫነ።

«ቆይ! እኔ አለሁ! ከስር ሰው አለ!»

ብረቶቹ ፍንክች አላሉም። አፍንጫውና መኪናው መሀል ያለው ክፍተት ያው ነው። ሰውነቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። እየተንፏቀቀ ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። እሷ የክሪኩን እጀታ እንደያዘች በሐዘኔታ አየችው።

«ውይ ጌታዬ፣ ሰው መኖሩን መች አወቅኩ! ባለቤቴ መኪናውን ሰቅሎት ሄዶ ነው። እሱ ሲመጣ ወገቡን እንዳያመው ላወርድለት ብዬ።»

ክው አለ። ለራሱ አልነበረም የፈራው። ብረቶቹ ባይኖሩስ? ድንገት ልቧ ተመልሶ ያደረገችውን ብታይስ? ያን ጊዜ ማን ያጽናናታል? ማንስ «አንቺ አይደለሽም» ይላታል? እንባው ሲወርድ በመሀረቧ ጠረገችለት፤ «አይዞዎት፣ አልተጎዱም» እያለች።

ገብቶ ስልኩን አነሳ።

«ልጄ፣ መጥተሽ ውሰጃት።»

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። እኔ ነኝ የደከመኝ።»

ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰችና፣ «ይኸው፣ እኔስ ምን አልኩህ» አለችው። እስከ ዛሬም አባቷ እናቷ ሰልችታው የሰጣት ይመስላታል። እሱም የክሪኩን ነገር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ይምሰላት።