በቃሬዛ የሄደው ሞተር

ሰቆጣ ውስጥ ጋሼ ደግሰውን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ በእግሩ የሚሄድ ነው። መካኒክ ናቸው፤ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሙያውን የጀመሩት በወፍጮ ሞተር ሲሆን ዛሬም የተበላሸ መኪና ሲመጣላቸው መጀመሪያ ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ አስደግፈው ያዳምጣሉ። ባለመኪናው የሚነግራቸውን ግን አይሰሙም። ሰው ስለ መኪናው ይዋሻል፣ ሞተር አይዋሽም ባይ ናቸው። እኔ አስተማሪ ነኝና የማይሰማ ሰው ያናድደኛል፤ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። ቢሆንም እወዳቸዋለሁ።

ይህ ነገር የተጀመረው ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ነው። አምሳለ የምትባል የሰቆጣ ዙሪያ ልጅ ዐሥራ አንድ ዓመት ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ አንዲት ነጭ ቪኤይት መኪና ላይ አዋለችው። ዘመዶቿ አበደች አሉ። እሷ ግን ራሷ እየነዳች ሙሽራ ማመላለስ ጀመረች፤ ከሰቆጣ እስከ አበርገሌ ቆላ በዚያች መኪና ያልተሞሸረ የለም ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ልጇን ምሕረትን ጥላት የሄደችው በሁለት ዓመቷ ነበር። ልጅቱ እናቷ ስትመለስ «አምሳለ» እያለች በስሟ ትጠራት ነበር፤ «እማ» ማለት የጀመረችው ገና ባለፈው ፋሲካ ነው። መኪናዋ ከቆመች አምሳለ ተመልሳ ከመሰደድ ሌላ መንገድ አልነበራትም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ያን ሰሞን ሙሽራ ይዛ ወደ ቆላው ኒሯቅ ወረደች። ፀሐዩ ስለከበዳት መኪናዋን ደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ግራር ጥላ ሥር አቆመቻት። የቆላ ሰው ይህን አያደርግም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ እንደሚወርድ የቆላ ልጅ ሁሉ ያውቃል። አምሳለ ደግሞ የደጋ ልጅ ናት። ጎርፉ መጥቶ መኪናዋን እስከ መስኮቷ ዋጣት፤ ሲጎድልም ሆዷ ጭቃ ሞልቶ እዚያው ተገኘች።

አምሳለ ወዲያው ለጋሼ ደግሰው ደወለች። ያን ቀን ከማስተምርበት መንደር ለገበያ ሰቆጣ ወጥቼ ስለነበር፣ እሳቸው በሚውሉበት ወፍጮ ቤት በር ላይ ከሌሎች ጋር አብረን ተቀምጠናል። ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረጉት። በስልክ መኪና የሚያድን ሰው መባል ደስ ሳይላቸው አልቀረም። አምሳለ ተናግራ ሳትጨርስ፣ ፀሐይ ላይ ትዋልና አስነሺያት፣ ምንም አትሆንም አሏት። በማግሥቱ አስነሣቻት። መኪናዋ አንዴ ጓ ብላ ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ደርቆ አልዞርም አለ።

ሁላችንም ጎርፉን ረገምነው። ጋሼ ደግሰው ሞተሩን ያለ ዋጋ እቀይርልሻለሁ ሲሏት ደግሞ ያልመረቃቸው ሰው የለም። የሚገርመው፣ በተመረቁ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁር ነበር።

ሌላ ሞተር ከአዲስ አበባ ተፈልጎ እስኪመጣ ሰኔ ገባ፤ የሰኔው ዝናብም የኒሯቁን መንገድ ቆረጠው። የጭነት መኪናው እኔ የማስተምርበት መንደር ደርሶ ሞተሩንና ጋሼ ደግሰውን አውርዶ ተመለሰ። የአምሳለ መኪና በበሬ ተስባ የወጣችበት የወንዙ ዳር ከዚያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሞተሩ ከሁለት ኩንታል በላይ ስለሚመዝን ለአህያ የሚሆን ጭነት አይደለም። በእኛ መንደር እንዲህ ያለ ከባድ ሸክም የሚችለው በሽተኛ ሐኪም ቤት የምናደርስበት ቃሬዛ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ የሚያዝዙት የቃሬዛ ማኅበራችን ሰብሳቢ አባ ለተጊዮርጊስ ናቸው።

አባ ለተጊዮርጊስ መጀመሪያ አይሆንም አሉ። ስንት ወላድ የተኛችበት ቃሬዛ ላይ ብረት አይጫንም አሉ። ሽማግሌዎቹ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ረጅም ሰዓት ሲነጋገሩ አምሳለ ዳር ቆማ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ጠርተው፣ መኪናዋ ካልተነሣች ምን ልታደርጊ ነው አሏት። ፓስፖርቷን ማሳደሷን ነገረቻቸው። አባ ለተጊዮርጊስ ብድግ አሉ።

«እንግዲያስ ብረት አይደለም» አሉ። «ይቺን ልጅ ነው የምንሸከማት።»

ሞተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ስምንት ስምንት እየሆንን፣ ትከሻ እየተቀያየርን ወረድን። በአገራችን ቃሬዛ ያጋጠመው መንገደኛ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። አንድ ፍየል የሚነዳ ሰውዬ ሳይጠይቅ ገብቶ ተሸከመና፣ ትንሽ እንደሄድን እግዚአብሔር ይማርህ ሊል ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገ። ብረት ሲያይ ክው አለ። ሆኖም ተራውን ሳይጨርስ መውጣት ነውር ስለሆነበት እያጉረመረመ እስከ ቀጣዩ ማረፊያ ተሸከመ። ሲለየንም፣ ምን እንደሚባል ግራ ገብቶት፣ ይማረው ብሎን ሄደ።

ቁልቁለቱ ላይ ጋሼ ደግሰው ካልተሸከምሁ አሉ። በዚህ ዕድሜ ተዉ ብንላቸው አልሰሙም፤ መቼ ሰምተው ያውቃሉ? ከፊቴ ገብተው ትከሻቸውን ከእንጨቱ ሥር አደረጉ። አምሳለ በማዶው ጎን ትሄዳለች፤ ሞተሩ በመካከላቸው ስለሆነ አይተያዩም።

«አምሳለ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጎርፉ አይደለም። እኔ ነኝ።»

እሷ እርምጃዋን አልቀነሰችም።

«ውሃው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ውሃ ይዞ የተነሣ ሞተር ይሰበራል። እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ተፈትቶ ውሃው ሳይወጣ አስነሺያት ማለት አልነበረብኝም። አውቀው ነበር። ሰው ፊት ልታይ ብዬ ነው የቸኮልሁት።»

የእሷን ፊት አላየሁም። እሳቸው ግን እንጨቱን ወደ አንገታቸው ጠጋ ሲያደርጉ አየሁ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ አምሳለ ከጎናችን ወጥታ ቀድማን ሄደች።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ሦስት የባሕር ዛፍ አጣና አስረን ሰንሰለት አንጠለጠልንበትና የደረቀውን ሞተር አውጥተን አዲሱን አወረድነው። አምሳለ መፍቻ ታቀብላቸዋለች፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለም። ጋሼ ደግሰው የቀረበላቸውን እህል ሳይነኩ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ የማኅበሩ ሰዎች አሮጌውን ሞተር ለመውሰድ ባዶውን ቃሬዛ ይዘው መጡና ከብበው ቆሙ።

ጋሼ ደግሰው ካንዴላዎቹን እንደገና ፈትተው አዩ። ሞተሩን በእጃቸው ሁለት ጊዜ አዞሩት። ዘይቱን አዩ፤ መልሰው አዩ። ከዚያ የሚነካ ነገር አጡና እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ጀመር። አምሳለ መሪው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«ጋሼ» አለች፣ «ያን ጊዜ በስልክ እንዳሉኝ ይበሉኝ።»

እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። አንቺ እንደመሰለሽ አድርጊ አሏት።

«አይሆንም። እርስዎ ሳይሉኝ አላስነሳም።»

ብዙ ጠበቀቻቸው። እኛም ጠበቅን። በመጨረሻ ቀና ብለው አዩዋት፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አስነሺያት» አሉ።

መኪናዋ ተነሣች። ጋሼ ደግሰው የሞተሩን ድምፅ ጥቂት አዳመጡና ባዶው ቃሬዛ ላይ ቁጭ አሉ።