የእህቴ የአይስላንድ ደብተር

ታናሽ እህቴ ከአይስላንድ ስትመለስ ለእናቴ የሱፍ ሹራብ፣ ለእኔ ቸኮሌት፣ ለራሷ አንድ በእጅ ጽሑፍ የተሞላ ደብተር ይዛ መጣች። ያ ደብተር ያላቃጠለኝ ቀን የለም። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

እሷ የአፈር ባለሙያ ናት። የሄደችውም የተጎዳ መሬት እንዴት እንደሚያገግም ልትማር ነበር። ግማሽ ዓመት ቤት ያከራየቻት አሮጊት ግን ጡረታ የወጣች የባንክ ሠራተኛ ስለነበረች፣ ቁርስ ላይ ጋዜጣ እየዘረጋች የኢኮኖሚ ቃላት አስተማረቻት። እህቴም በደብተሩ በአንድ በኩል እንግሊዝኛውን፣ በሌላው በኩል የአይስላንዱን ጻፈች። የኢኮኖሚክስ መምህር እኮ እኔ ነኝ! ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት እኔ፣ ለውጭ አገር ትምህርት ሦስት ጊዜ አመልክቼ ሦስቴም የቀረሁት እኔ። በረዶውን እሷ አየችው፤ ቃሉንም እሷ አመጣችው።

እሱስ ይሁን። ያንገበገበኝ አባቴ ነው። አራዳ ባለው የጨርቅ ሱቃችን ከአሱር ሶላት በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሦስተኛ ረድፍ ይሞሉ ጀመር፤ የአማርኛውን። ምን እንደማስተምር አንድ ቀን ጠይቆኝ የማያውቀው አባቴ መነጽሩን አድርጎ፣ “ቀጥይ እስቲ” ይላታል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አሉ። እሷ በሌለችበት ደብተሩን ገልጬ ስህተት ፈለግኩበት። አንድ አገኘሁና ደስ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኜ ነበር።

አንድ ቀን ሥራዬን አቋርጬ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ከሳንጃ ሰሊጥ ሊሸጥ የመጣ አንድ ገበሬ አቡጀዲ እያስለካ ነው። እህቴ ታነባለች።

“የዋጋ ንረትን ‘ቨርዝቦልጋ’ ይሉታል፤ ሲፈታ የዋጋ እብጠት ነው።”

“ሸጋ ብለዋል” አለ ገበሬው። “ምነው ታዲያ ሐጂ፣ የኛው አልፈርጥ አለ?”

“ወለድ ደግሞ ‘ቨክስቲር’ ነው፤ እድገት እንደማለት።”

“ተወለደም አደገም ሐራም ነው” አለ አባቴ። ሱቁ በሳቅ አውካካ። ሳልወድ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እዚያ አገር በግንም ገንዘብንም በአንድ ቃል እንደሚጠሩ ስትነግራቸው ገበሬው ጭራሽ አልገረመውም። “ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል?” አለ።

አላስቻለኝም። “የዋጋ ንረት እብጠት አይደለም” ብዬ ገባሁ። ስለ አጠቃላይ የዋጋ ደረጃ፣ ስለ ገንዘብ አቅርቦት፣ ክፍል ውስጥ እንደለመድኩት ግማሹን በእንግሊዝኛ አወረድኩት። ገበሬው አቡጀዲውን በጣቱ ያሽ ጀመር። አባቴ በትህትና ራሱን ነቀነቀ፤ ለማይገዛ ደንበኛ እንደሚነቀንቀው። እህቴ ብቻ እስክሪብቶዋን አንስታ፣ “ቀስ በይ፣ ልጻፈው” አለችኝ። ከልቧ ነበር። የባሰብኝም እሱ ነው።

ሁለት ሳምንት ወደ ሱቁ ዝር አላልኩም። በሦስተኛው እህቴ ለሥራ አዲ አርቃይ መውረዷን ስሰማ ሄድኩ። አዎ፣ አለመኖሯን ጠብቄ ነው። አባቴ ብቻውን ነበር። አንዲት እናት መጥተው አረንጓዴ ሳቲን ጠየቁት፤ እኛ ጋ አልነበረም። “አረፍ ይበሉ” ብሎ ወጣና ከጎረቤት ሱቅ አምጥቶ፣ አንድ ሳንቲም ሳያተርፍ ሰጥቶ ሸኛቸው። የአባቴ ዘመን ነጋዴ እንዲህ ነው፤ ምላሱ ቢቆረጥ ለደንበኛ “የለም” አይልም። ወይ ከጎረቤት ያመጣል፣ ወይ “ለሐሙስ ይደርስልሃል” ይላል።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። “አባባ፣ ምነው እኔን አንድ ቀን እንኳ ሳትጠይቀኝ? ኢኮኖሚው የእኔ ሥራ አይደል?” አልኩት። ይህን የምታህል ሴት ሆኜ፣ እንደ ሕፃን።

የተዘረጋ ጨርቅ ማጠፍ ጀመረ።

“ጠይቄሽ ነበር” አለ። “የተቀጠርሽ ሰሞን። እዚህችው ቁጭ ብለሽ የተማሪዎችሽን ፈተና ስታርሚ አንዱን ቃል በጣቴ አሳይቼ፣ ‘ይሄ ምን ማለት ነው?’ አልኩሽ። ቀና እንኳ ሳትይ፣ ‘አባባ፣ ይሄ በአማርኛ የለም’ አልሽኝ።”

ማለቴን ጨርሶ አላስታውስም። እሱ ግን የእስክሪብቶዬን ቀለም ሳይቀር ነገረኝ።

“እህትሽ ያላወቀችውን ‘እንፈልገው’ ትለኛለች” አለና ጨርቁን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። አልተቆጣም። “እኔ ደግሞ ልጄ፣ የለም ካለኝ ሱቅ ተመልሼ ሄጄ አላውቅም።”