ከምርመራ ለተመለሰ ሰው የሚሰጥ ጥሞና

የግድግዳው ቀለም ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ንግግሮቹንም ቃል በቃል አስታውሳለሁ ብዬ አልምልም። ቦንጋ ታስሬ ያየሁትን ደጋግሜ ስላሰብኩት የትኛው ትዝታ፣ የትኛው የኋላ ጥገና እንደሆነ መለየት ያቅተኛል። የሽታውን ነገር ግን አልጠራጠርም፤ እርጥብ ብርድ ልብስ እና የሽንት ባልዲ ነበር።

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ የክፍሉ ካቦ፣ ከእስረኞች መካከል አለቃ የተደረገ የሺሺንዳ ባለሱቅ፣ የምተኛበትን ቦታ አሳየኝና አንድ ደንብ ነገረኝ።

«ከምርመራ የተመለሰ ሰው ራሱ እስኪናገር ድረስ ጥሞና ላይ ነው። ምን አሉህ፣ ምን አልክ ብሎ ነገር የለም።»

የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ጥሞና እኮ ሰው በፈቃዱ ልቡን ሰብስቦ የሚያስብበት ነው። በትእዛዝ አይሆንም።»

«ቃሉን ያወረሰን ከእኛ በፊት እዚህ የነበረ ወንጌላዊ ነው። ክርክር ካለህ እሱን ፈልግ። አንተም ስትጠራ ይገባሃል፣ መምህር።»

ሁሉም ሳቁ።

አጠገቤ የሚተኛው የቢታ ገነት ቡና ነጋዴ በእኔው ጉዳይ፣ በአንድ ድብቅ ስብሰባ ተገኝታችኋል በሚል፣ የተያዘ ነበር። መርማሪዎቹ አጥብቀው የሚፈልጉት ስብሰባው በማን ቤት እንደተካሄደ ነው። ቤቱ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ ሚስቱ አራስ ነች። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የምናውቀው እኔና ነጋዴው ብቻ ነን።

አንድ ቀን ጠዋት ነጋዴውን ጠሩት። ቀትር ላይ ሲመለስ ፊቱ ታጥቧል፤ የለበሰው ሸሚዝም ጠዋት ለብሶት የወጣው አይደለም። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ሻይ በዳቦ ጋብዘውታል መሰለኝ» አለ አንዱ ከጥግ።

«ኧረ ሻወርም አላቸው! እኛን ለምን አይጠሩንም?»

«ጥሞና!» አለ ካቦው።

ዝም አልን። እኔ ግን ልቤን አልሰበሰብኩም፤ የሸሚዙን ኮሌታ እየመረመርኩ ነበር። ማን ሰጠው? ለምን ወደ እኔ አያይም? የባልደረባዬ በር አሁን እየተንኳኳ ይሆን?

ምሳ ሲደርስ ማንም ቦታ አልለቀቀለትም። ሄዶ ባልዲው አጠገብ ተቀመጠ። እህቴ የላከችልኝን ቆጮና ጎመን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩና መሃላችን አኖርኩት።

«አትጠይቀኝም?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጥያቄው ምላሴ ላይ ነበር።

«ጥሞና ላይ ነህ» አልኩት። «ብላ።»

በላ። በአንድ ጎኑ ብቻ ያኝክ እንደነበር ይመስለኛል፤ ይህን ግን ኋላ የጨመርኩት ሊሆን ይችላል።

በማግስቱ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ተባለ። በእስር ቤት ቋንቋ ይህ መፈታት ነው። ለማንም ደህና ሁኑ ሳይል ወጣ።

«ሸጠን» አለ ያ ከጥግ የሚናገረው ሰው። ካቦው በዚህ ጊዜ አልከለከለውም። እኔም ለባልደረባዬ ጠበቃ የሚሆን ማን እንደሆነ በሐሳቤ መፈለግ ጀመርኩ።

ዛሬ ተማሪዎቼ ጥሞና ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ የተለመደውን ፍቺ እሰጣቸዋለሁ፤ ሐሳብን ሰብስቦ በጸጥታ መቆየት ነው እላለሁ። ሰው ለሌላ ሰው ሊሰጠው እንደሚችል፣ ሰጪውም እየሰጠ በጥርጣሬ ሊቃጠል እንደሚችል አልነግራቸውም። ያን ቀን አምኜው አልነበረም ያበላሁት።

ስፈታ በቀጥታ ወደ ባልደረባዬ ቤት ሄድኩ። በሩን ያንኳኳ ሰው እንዳልነበረ ነገረኝ። ይህ ብቻውን አላሳመነኝም፤ ነጋዴው ቤቱን ተናግሮ፣ እነሱ ቸል ብለው ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ቢታ ገነት ድረስ ወርጄ የነጋዴውን ታላቅ ወንድም አገኘሁት። እሱ እንደነገረኝ ነጋዴው ዕቃውን ይዞ የወጣ ዕለት አልተፈታም፤ ወደ ሌላ ጣቢያ ነበር የተወሰደው። እኔ ከወንድሙ ጋር ስነጋገርም ገና እንደታሰረ ነበር። ሳሙናውና ሌላው ሸሚዝ የድብደባ ደም ለመሸፈን ሳይሆን እንዳልቀረ ያኔ ገባኝ።