የደወል ማማው በስተቀኝ ነው

ሠፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምራ ጡረታ ስትወጣ፣ ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውስ ጎረቤት አልተገኘም። የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጉልበቷ የስፌት መኪናውን ፔዳል እምቢ ካላት ወዲህ ግን ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ታናሿን ማረም ሥራዬ ብላ ይዛለች።

ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ሳምንት ቲቸር አዲስ ደብተር ገዛችና የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የነገሥታቱ ገዳም ጉብኝት» ብላ ጻፈች።

ገዳሙ ከከተማው በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ስድስት ነገሥታት የተቀበሩበት ጥንታዊ ገዳም ሲሆን ፎቶው በመማሪያ መጽሐፉ ገጽ ሰባ ሁለት ላይ አለ። ቲቸር በየዓመቱ ያንን ገጽ አስገልጣ ተማሪዎቹን በበሩ ታስገባቸዋለች፣ ግቢውን ታዞራቸዋለች፣ ማማውን ታሳያቸዋለች። እሷ ራሷ ግን ሄዳ አታውቅም። መጀመሪያ እናቷን ታስታምም ነበር። ቀጥሎ የፈተና እርማት፣ ከዚያ የክረምት ትምህርት መጣ። «በሚቀጥለው ዓመት» ስትል ስትል ፀጉሯ ሸበተ።

«እኔንስ ትወስጂኛለሽ ወይስ ቤት ጠባቂ ልታደርጊኝ ነው?» አለች እህቷ ደብተሩን አሻግራ እያየች።

«እትዬ፣ ጉልበትሽ እኮ…»

«ጉልበቴን ለኔ ተይው። እኔ እመክረዋለሁ።»

ቲቸር እህቷን እምቢ ማለት አልሆንላት ስላለ እቅዱን ለጉልበቱ በሚመች መንገድ አወጣችው። ከፎቶው እያየች የግቢውን ንድፍ ሣለች። አርባ ደረጃ ወጥቶ ዋናው በር፣ ከበሩ ገባ ሲሉ በስተግራ የደወል ማማው። እዚያ ጥላው ሥር እህቷ ታርፋለች፣ እሷ መቃብሮቹን አይታ ትመለሳለች። መቀመጫ መኖሩን ለማረጋገጥ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ገዳሙ ደወለች።

ስልኩን ያነሱት አንድ አረጋዊ መነኩሴ ነበሩ።

«አባ፣ በዋናው በር ስንገባ በስተግራ ያለው ማማ ሥር መቀመጫ አለ?»

«መቀመጫማ አለ፣ እናቴ። ማማው ግን በስተቀኝ ነው።»

«በስተግራ ማለትዎ ነው።»

«በስተቀኝ።»

«አባ፣ እኔ የታሪክ መምህርት ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬዋለሁ።»

«እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ደውዬዋለሁ» አሉ መነኩሴው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ።

ቲቸር አመስግና ስልኩን ዘጋች። መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርዳ ገጽ ሰባ ሁለትን ገለጠች። ማማው በስተግራ ቆሟል። ከበሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ አለች፣ ላይዋ ላይ ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ። ይህቺን ጽሑፍ በየዓመቱ «የጥንት ነገሥታት ፊደል ነው፣ ዛሬ አንባቢ የለውም» ብላ ነው ያስተማረችው። የእህቷን አጉሊ መነጽር ተውሳ አየችው። ፊደሎቹ ጀርባቸውን የሰጡ መሰላት። መጽሐፉን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባችና መስተዋቱ ፊት ዘረጋችው።

«መግቢያ በዚህ ነው» ይላል።

ፎቶው ሲታተም ተገልብጦ ኖሯል። እህቷ ነገሩን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ! አገሩን ሁሉ ግራ አጋብተሽዋላ!»

ቲቸር ግን አልሳቀችም። አንድ ነገር ትዝ አላት። ከሃያ ዓመት በፊት የግቢውን ንድፍ ሣሉ ብላ በፈተና ስትጠይቅ አንዲት ልጅ ማማውን በስተቀኝ ሥላ ነበር። ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ ሄጄ አይቻለሁ እኮ» አለች። ክፍሉ ፊት የሰጠቻት መልስ ዛሬም ጆሮዋ ውስጥ አለ። «ካንቺ ዓይንና ከመጽሐፉ የትኛውን እንመን?» ነበር ያለቻት። ክፍሉ አውካካ። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ እጅ አውጥታ አታውቅም።

ያቺ ልጅ አሁን ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋርማሲ ፋርማሲስት ናት። የእህቷን የጉልበት ቅባት የምትሰጣት እሷው ናት።

ቲቸር ሁለት ቀን ሙሉ በፋርማሲው ፊት ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ስትሄድ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን እህቷ «ቅባቴ አልቋል። ሄደሽ አምጪልኝ፣ ያንን የነገርሽኝን የልጅቷን ነገርም ተገላገይው» አለቻት።

ፋርማሲው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ፋርማሲስቷ ነጭ ጋውኗን ለብሳ የመድኃኒት ካርቶን ትደረድር ነበር። ቲቸር መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችና ጎኑ የኪስ መስተዋት አቆመች። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «ማማው በስተቀኝ ነው። ትክክል ነበርሽ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ያውም በክፍሉ ፊት» አለች።

ፋርማሲስቷ ጎንበስ ብላ መስተዋቱ ውስጥ ያለውን ማማ አየች።

«አባቴ የዱቄት መኪና ሹፌር ነበር» አለች። «ለገዳሙ ዱቄት ሲያደርስ ይዞኝ ይሄዳል። እሱ ሲያራግፍ እኔ እስከ ፊት በሩ እሮጥ ነበር። እርስዎ እንደዚያ ሲሉኝ ግን፣ የምንገባው በኋላ በር ስለሆነ ቀኝና ግራው ተምታቶብኝ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አባቴንም ጠይቄው አላውቅ። ካረፈም ቆየ።»

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ኧረ ቲቸር! ልጅነት ነው፣ አለፈ።» ይህን ብላ ቅባቱን ልታመጣ ዞር አለች። መደርደሪያው ጋ ግን ከሚገባው በላይ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀላ ብሎ ፊቷ ፈክቷል። «ነጥቤን ግን አልተውም። አምስት ነጥብ ነበር።»

«ስድስት ነው። የተቀነሰብሽ ስድስት ነው» አለች ቲቸር፤ ሁለቱም ሳቁ።

ስለ ጉዞው ስትሰማ ፋርማሲስቷ ቲቸር ከመጽሐፉ ጋር ይዛው የመጣችውን ደብተር ሳብ አድርጋ የአርባውን ደረጃ ሐሳብ ሰረዘችው። «እትዬን በዚህ አያስወጧቸውም። በኋላ በር ግቡ፣ በዱቄት መኪናው በር። አንድም ደረጃ የለውም። በቀኝ ያውላችሁ!»

በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት እህትማማቾቹ ተሳፈሩ። መነኩሴው የኋላውን በር ራሳቸው ከፈቱላቸው። እህቷ ግቢው መሃል ደርሳ ምርኩዟን ወደ ማማው ቀሰረች።

«ይኸው! በግራ ነው! አንቺ ነሽ ልክ!»

«በኋላ በር ስለገባን ነው፣ እትዬ» አለች ቲቸር። በዝግታ እስከ ዋናው በር ወስዳ ፊቷን አዞረቻት፤ ማማው በስተቀኝ ቆሞ ታየ። መነኩሴው ፈገግ ብለው አለፉ።

መቃብር ቤቱ ቀዝቃዛና ፀጥ ያለ ነበር። አምስቱ የነገሥታት መቃብሮች ትልልቅ ናቸው። ስድስተኛው ከግድግዳው ጥግ ያለ፣ ትንሽዬ ድንጋይ ነበር። በዘጠኝ ዓመቱ ያረፈው ንጉሥ ነው። መጽሐፉ «ለአጭር ጊዜ ነግሦ» ብሎ በግማሽ መስመር ያልፈዋል፤ ቲቸርም እንደዚያው ስታልፈው ኖራለች።

እህቷ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ በአንድ እጇ ድንጋዩን ይዛ፣ በሌላው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነዘረችው።

«ስድስት ስንዝር» አለች በሹክሹክታ። «ምስኪን! ልብሱን ሁሉ አሳጥረው ነው የሚሰፉለት የነበረው። ካባው እየጎተተ ስንቴ ጥሎት ይሆን?»

ሁለቱም ድንጋዩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ብዙ ቆዩ። በኋላ ከማማው ጥላ ሥር ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በሉ። የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ አመለጣቸው፣ በአሥራ አንድ ሰዓቱ ተመለሱ። እህቷ መንገዱን ሙሉ በቲቸር ትከሻ ላይ ተኝታ፣ ቲቸር ደግሞ በመስኮቱ ሜዳውን እያየች ነበር።